ዊስፐርላይት ኢንተርናሽናል፦ በረዶ ላይ ለሚያድሩ ተማሪዎች የሚሆን ምድጃ

ኮሎራዶ ውስጥ ለዊንተር የስኪ ጉዞ የሚሰናዱ ተማሪዎች ስለ ስኪና ስለ ጃኬት ሲከራከሩ ይሰነብቱና ምድጃውን ለመጨረሻዋ ሳምንት ይተዉታል። 3,400 ሜትር ላይ ድንኳን ሲተከል ግን ምንጩም ወንዙም በረዶ ሥር ነው። የሚጠጣው ሁሉ ቀልጦ ነው የሚገኘው፤ ምድጃው እምቢ ካለ እራት ብቻ ሳይሆን ውኃም ይቀራል። ለዚህ ሥራ ኤምኤስአር (MSR) የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዊስፐርላይት ኢንተርናሽናል፣ ከነጉድለቱ፣ አሁንም የምንመክረው ነው።

በቆርቆሮ ጋዝ የሚሠሩት ትንንሾቹ ምድጃዎች ለበጋ ይመቻሉ። ቆርቆሮው ውስጥ ካሉት ጋዞች ቡቴን ግን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል፣ አይሶቡቴን ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ መትነኑን ያቆማል፤ ቆርቆሮው ሳያልቅ እሳቱ ይሰልላል። ዊስፐርላይት ፈሳሽ ነዳጅ ነው የሚጠቀመው፤ ግፊቱም ጠርሙሱ ላይ ካለው ፓምፕ፣ ከእጃችሁ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪውን የሚያሳስት ነገር አለ። እኛ ነጭ ጋዝ የምንለው ላምባን ነው። አሜሪካ ውስጥ «ዋይት ጋዝ» ተብሎ የሚሸጠው ግን የተጣራ፣ የቤንዚን ዘመድ ነው፤ ላምባ እንደለመደ ሰው ዘና ብለው ከለኮሱት ቅንድብ ይወስዳል። ምድጃው ሁለቱንም ያነዳል፣ ጄቱ፣ ማለትም ነዳጁ የሚወጣባት ባለቀዳዳ ትንሽ ክፍል፣ ግን ይለያያል። «ዩጂ» (UG) የሚል ፊደል ያለበት ለዋይት ጋዝና ለቤንዚን፣ «ዩኬ» (UK) የሚለው ለላምባ ነው። ላምባ በዩጂ ጄት ከተነደደ ቢጫ እሳትና ጥላሸት ነው ትርፉ። ለተማሪ ዋይት ጋዝ ይሻላል፤ ቶሎ ይነሣል፣ ጄትም ብዙ አይደፍንም።

አለኳኮሱን ቤት ደጅ ተለማመዱት። የነዳጁን ጠርሙስ እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉ፤ አናቱ ላይ አየር የሚታመቅበት ቦታ ያስፈልጋል። ከ20 እስከ 30 ጊዜ ፓምፑን ምቱ፣ ጠርሙሱ እየጎደለ ሲሄድ ከዚያ በላይ። ቫልቩን ከፍታችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነዳጅ ከሥር ወዳለችው ጽዋ ከወረደ ዝጉና ለኩሱ። ነበልባሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ አትደንግጡ፣ ነዳጁ የሚያልፍበትን ቱቦ እያሞቀ ነው። ወርዶ ወርዶ ጽዋዋ ከንፈር ላይ ሊጠፋ ሲንቀጠቀጥ፣ ያኔ ቫልቩን በስሱ ክፈቱ። ሰማያዊ ሆኖ ካፏጨ ተሳክቷል። ቢጫ ሆኖ ከተነሣ ቱቦው አልሞቀም፣ ነዳጁ ሳይተን ነው የወጣው፤ ዘግታችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ እንደገና። አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለሚቸኩል። ሰማያዊው እሳት ከጊዜ በኋላ ከደከመ ግን ጄቱ ቆሽሿል ማለት ነው። አጥፉና ሲበርድ ምድጃውን ላይ ታች ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ ያለችው መርፌ ቀዳዳውን ትጠርጋለች።

ደካማው አካል ፓምፑ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ሻንጣ ሲጫነው ወይም ሰው ሲረግጠው ይሰነጠቃል። ኦሪንጎቹ (ነዳጅ እንዳያፈስ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) በብርድ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ነዳጅ ያንጠባጥባሉ። ዘንጉ ሳይከብድ ወደ ውስጥ ከገባ ጫፉ ላይ ያለችው ክፍል ደርቃለች፤ ጠብታ ዘይት ይበቃታል። ለአንድ ቡድን አንድ ትርፍ ፓምፕ የግድ ነው። ለከባድ ብርድ የተሠራ ፓምፕም ለብቻው ይሸጣል።

ከምድጃው ሥር 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ጣውላ አኑሩ፤ ያለዚያ በረዶውን አቅልጦ ይሰምጥና ድስቱ ይገለበጣል። ድስቱ ውስጥ አስቀድማችሁ ሁለት ጣት ያህል ውኃ ጨምሩ። ደረቅ በረዶ ብቻ ከሆነ ሥሩ ይቃጠልና ውኃው የጭስ ጣዕም ይይዛል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመፍያ ደቂቃም አያታልላችሁ፤ ለውኃ ነው እንጂ ለበረዶ አይደለም። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ የሚፈጀው ሙቀት ያንኑ ውኃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስለዚህ ነዳጁን ለአንድ ሰው በቀን 200 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ አስሉ። ለ4 ሰው የ4 ቀን 3.2 ሊትር ይሆናል፣ 887 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 4 ጠርሙሶች።

ስትቀዱ የጎማ ጓንት አድርጉ። ነዳጁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይም አይረጋም፤ ጣት ላይ ከፈሰሰ እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ጣቱም ወዲያው በብርድ ይቃጠላል። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አታንድዱ፤ ከእሳቱ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም።

እሳት መቀነስ አይሆንለትም፤ ወይ ይነዳል ወይ ይጠፋል። ሽሮ ላንተክትክ ያለ ድስቱን ሲፍቅ ያመሻል። በሶ ያዙ፣ ለብ ያለ ውኃ ይበቃዋል፤ ነዳጅም ይተርፋል።