ባልቲሞር ወደብ፦ አራት መርከቦች፣ ሦስት ስም

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አያቷ ባሕረኛ እንደነበረ ትሰማለች እንጂ ብዙም አታምንም፤ እኔን የምታውቀኝ በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን መስኮት ሥር ተቀምጬ ሬድዮ ሳዳምጥ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ወደ ባልቲሞር ወስጄ መርከብ አሳየኋት። «የባልቲሞር ታሪካዊ መርከቦች» የሚባለው ሙዚየም መሐል ከተማው ወደብ ላይ አራት መርከቦችና አንድ ቀይ የመብራት ቤት አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር እየተዘዋወሩ ማየት ነው። መድፍ ለማየት የሚሄድ መድፍ ያገኛል። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ስማቸው ላይ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

መጀመሪያ የወጣነው ኮንስቴሌሽን ላይ ነው። ሦስት ምሰሶ ያላት፣ በ1854 የተሠራች የጦር መርከብ ናት፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያለ ሞተር፣ በሸራ ብቻ እንድትሄድ አድርጎ የነደፋት የመጨረሻዋ። ስሟ ኅብረ ከዋክብት ማለት ሲሆን የመጣውም ከባንዲራቸው ኮከቦች ነው። ችግሩ ሞክሼ ያላት መሆኑ ነው። የመጀመሪያዋ ኮንስቴሌሽን በ1797 እዚሁ ባልቲሞር ውኃ የነካች ስትሆን፣ በ1853 ቨርጂኒያ ውስጥ ፈራረሰች፤ በዚያው መሥሪያ ቦታ አዲሲቱ ተሠርታ የሟቿን ስም ወረሰች። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎች ሁለቱን አንድ አደረጓቸው። መርከቧ በ1955 ባልቲሞር ከመጣች በኋላማ የ1797ቷን እንድትመስል አድርገው ቀያየሯት። በ1990ዎቹ ነው ነገሩ ተጣርቶ፣ ታድሳ፣ ወደ ራሷ መልክ የተመለሰችው። አንድ ስም ስንት ሊቅ እንዳጨቃጨቀ አስቡት።

የመድፉ ወለል ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ረጅም ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ግንባሬን መታሁ፣ የልጅ ልጄም ሁለት ጊዜ ሳቀች። ሳቋን የቆረጠው የኮራ ታሪክ ነው። ኮንስቴሌሽን ከ1859 እስከ 1861 የባሪያ ንግድን ለማገድ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የተሰማራው ጓድ መሪ ነበረች። መስከረም 1860 ኮራ የተባለችውን መርከብ አሳድዳ ስትይዝ በሆዷ ውስጥ 705 ሰዎች ተገኙ። ወደ ላይቤሪያ ተወስደው ነጻ ወጡ። ልጅቷ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ለካችውና «አባባ፣ እዚህ እንኳ 705 ሰው አይተኛም» አለችኝ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቶርስክ ሰርጓጅ መርከብ ናት፤ አፍንጫዋ ላይ የሻርክ ጥርስ ተስሎባታል። ስሟ ግን የሻርክ ሳይሆን በሰሜን አትላንቲክ የሚገኝ፣ ገበታ ላይ የሚቀርብ ዓሣ ስም ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሰርጓጆች በዓሣ ስም ይጠሩ ነበር፤ የጦር መርከቦቹ ታላላቆቹ በክፍለ ግዛት፣ ክሩዘሮቹ በከተማ፣ አጥፊ (ዲስትሮየር) የሚባሉት በጀግኖች ስም። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ በእነርሱ ቤት የሚያወጣው የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ነው። ውኃ ስትነካ ደግሞ አንዲት ሴት፣ የክርስትና እናቷ በሉት፣ የሻምፓኝ ጠርሙስ አፍንጫዋ ላይ ትሰብራለች። በ1970ዎቹ ሰርጓጆቹ ከዓሣ ወደ ከተማ ስም ሲዞሩ፣ የኑክሌር ሰርጓጆች አባት የሚባለው አድሚራል ሪኮቨር «ዓሣ ድምፅ አይሰጥም» አለ ይባላል። ከተማ ግን የምክር ቤት አባል አለው፤ የምክር ቤት አባል ደግሞ በጀት ያጸድቃል። ብልጥ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከዓሣው ጋር ነኝ። ለልጅቷ «በእኛ አገር ቢሆን አምባዛ የሚባል የጦር መርከብ ይኖረን ነበር» ብላት በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እርግጥ ጃንሆይስ መርከብ ቢሠሩ የፈረስ ስም ነበር የሚያወጡላት፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ነጋ እንደ ማለት። ለጦርነት የሚገባ ስም እርሱ ነው።

የቶርስክ ሞተር ክፍል ውስጥ ግን መሳቅ አቆምኩ። ሽታው ነው። ናፍጣ፣ የቆየ ዘይትና የጋለ ቀለም፤ ሃምሳ ዓመት ያላሸተትኩት። እኔ ያገለገልኩት በ«መርከብ ኢትዮጵያ» ሞተር ክፍል ነበር። የጥበቃ ጀልባዎቻችን ቁጥር ብቻ ነበራቸው፤ ስም ያላት እርሷ ስለነበረች ጀልባ ላይ የተመደቡ ጓደኞቼ ይቀኑብን ነበር። ምጽዋ ከተማ ስንወጣ «የየት ነህ?» ሲባል «የኢትዮጵያ» ማለት ሁለት ትርጉም ነበረው። አንድ ቀን የመፍቻ ሣጥን እንዳጸዳ ታዘዝኩና የክዳኑን የውስጥ ቀለም ስፍቅ አራት የላቲን ፊደላት ብቅ አሉ፦ ኦርካ። አለቃዬን ብጠይቀው «የድሮ ስሟ ነው፤ ቀባው» አለኝ። ቀባሁት።

መርከቧ በ1944 አገልግሎት የጀመረች፣ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምትደግፍ የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ በ1954 ዓ.ም. ነው ለእኛ የተሰጠችው። ኦርካ ዓሣ ነባሪ ይመስለኝ ነበር። ለካ የዚያ ዓይነት መርከቦች በአብዛኛው የሚጠሩት በባሕር ወሽመጥ ስም ኖሯል፤ ኦርካም አላስካ ውስጥ ያለ ወሽመጥ ነው። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የመጀመሪያ ስም የበረዶ አገር ውኃ! እዚያው ቶርስክ ውስጥ ቆሜ ይህን ሁሉ ለልጅቷ ስነግራት «አሁን የት ናት?» አለችኝ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለብረት ተሸጠች። እኔ ቀደም ብዬ ከአገልግሎት ወጥቼ ስለነበር አልሸኘኋትም።

ቼሳፒክ የብርሃን መርከብ ናት፦ የመብራት ቤት ሊሠራበት የማይቻል ቦታ ላይ መልሕቋን ጥላ የምታበራ ዘበኛ። ቀይ ገላዋ ላይ ስሟ በትልልቅ ነጭ ፊደላት ተጽፏል። ስሙ ግን የእርሷ ሳይሆን የጥበቃ ቦታዋ ነው። መጀመሪያ ፌንዊክ ስትባል፣ ከዚያ ቼሳፒክ፣ በመጨረሻም ዴላዌር ተብላለች፤ ቦታ በተቀየረ ቁጥር ጎኗ እንደገና ይጻፋል። ከቦታ ጋር የማይለወጠው ቁጥሯ ነው፤ ስትሠራ የተሰጣት 116 ነበር። ዘበኛን በበሩ ስም እንደ መጥራት ነው፤ ለሥራዋ ግን ትክክል ነው፣ ከሩቅ የሚመጣው መርከበኛ ማወቅ የሚፈልገው የት እንዳለ ነውና።

አራተኛዋ የጠረፍ ጥበቃ መርከብ ናት፤ በሰባት የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትሮች ስም ከተጠሩት ሰባት እኅትማማቾች አንዷ። የእርሷ ድርሻ ሮጀር ቴኒ ነበር፤ የሜሪላንድ ሰው፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1857 ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ የፈረደው። መርከቧ ራሷ ምንም አላጠፋችም። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በመታችበት ዕለት፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1941፣ ሆኖሉሉ ወደብ ሆና የጃፓን አውሮፕላኖች ላይ ተኩሳለች፤ ጡረታ የወጣችውም በዚያው ዕለት መታሰቢያ፣ በ1986 ነው። በ2020 ሙዚየሙ ስሙን አነሣው። አሁን የምትጠራው በቁጥር ነው፦ ደብልዩ ኤች ኢ ሲ 37።

ስሙ መነሣቱን እደግፋለሁ። በአንድ ወደብ ውስጥ 705 ሰዎች ያስፈታች መርከብና እነዚያን ሰዎች ሰው ብሎ ያልቆጠረ ዳኛ ስም ጎን ለጎን ሲታዩ ያስጠላል። ነገር ግን ሥራው ግማሽ ነው። ቁጥር ስም አይደለም፤ ቁጥር ላይ ያገለገለ ይነግራችኋል። እኛ እንኳ ኦርካን ስንቀባ ከላይዋ ላይ ኢትዮጵያን ጽፈንባታል። በዚያው በ2020 ባሕር ኃይሉ ገና ላልተሠራ አውሮፕላን ተሸካሚ የዶሪስ ሚለርን ስም አወጣ፤ በፐርል ሃርበር ዕለት ሳይሠለጥንበት መትረየስ ይዞ የተዋጋው ጥቁር የወጥ ቤት ባሕረኛ ነው። ስም ማውጣት ሲፈለግ ሰው አይጠፋም።

ለምትሄዱ፦ መሰላሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ጉልበቱን የሚያመው ኮንስቴሌሽንን አይቶ፣ ቼሳፒክን ከውጭ ተመልክቶ ቢበቃው ይሻላል። ቶርስክ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሳልፉት ክብ በሮች እግር አስቀድሞ መግባት ይጠይቃሉ። ውኃ ያዙ። ሦስት ሰዓት አይበቃም፤ እኛ አምስት ቆየን። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዷን ያስቀረሁት ለአራተኛዋ መርከብ ነው፣ ስም ሲወጣላት እመልሳለሁ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ልጅቷ ዞር ብላ ባለ ቁጥሯን አየቻትና «አባባ፣ እስኪያገኙላት ድረስ አምባዛ እንበላት» አለችኝ። ቤት እስክንደርስ ድረስ አምባዛ ስንላት መጣን።