የኮንዶሚኒየም ልብስ ማጠቢያ ጥግ፦ ከሦስቱ ማሽኖች የትኛው ይስማማዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ቤቱን የሚያድስ ሰው አብዛኛውን በጀቱን ለሳሎኑ ጣሪያና ለኩሽናው ካቢኔት ይመድባል፤ የልብስ ማጠቢያው ጥግ ግን የሚታወሰው ማሽኑ ተገዝቶ በር ላይ ሲደርስ ነው። እኔም በራሴ ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ገና ከተነጠፈ ወራት ያልሞላው ሴራሚክ ለፍሳሽ መስመር ሲባል ሲፈለጥ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ንጽጽሩን የምጀምረው ከማሽኑ ዋጋ ሳይሆን ማሽኑ ከሚቆምበት ቦታ፣ በተለይም ከውሃው ነው።

ገበያ ላይ ያሉት ማሽኖች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነሱም ከፊት የሚከፈተው አውቶማቲክ፣ ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ፣ እንዲሁም ማጠቢያውና መጭመቂያው ለየብቻ የሆነው ባለ ሁለት ገንዳ ከፊል አውቶማቲክ ናቸው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ገዢው ማወቅ ያለበት ውሃው የሚመጣበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ግፊቱንም ጭምር ነው። አውቶማቲክ ማሽኖች ውሃ የሚያስገቡት በኤሌክትሪክ በሚከፈት ቫልቭ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። ውሃ 1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የሚገኘው ግፊት ግን 0.1 ባር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በረንዳ ላይ ሜትር ከግማሽ በሚሆን የብረት መቆሚያ የተቀመጠ ሮቶ ሳፋ ለመሙላት ቢበቃም ለማሽኑ አይበቃም፤ ማሽኑ ጥቂት ጠብቆ የስህተት ምልክት ያሳይና ይቆማል። መፍትሔው አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ቢሆንም፣ እሱም የራሱ ሶኬትና መቀመጫ ያስፈልገዋል። ባለ ሁለት ገንዳው ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ በጄሪካን ቢሞላም ይሠራል፣ ነጩ ልብስ የታጠበበትን የሳሙና ውሃም ለባለ ቀለሙ መድገም ያስችላል። በአንድ እጥበት የሚፈጀው ውሃ ሲታይ፣ 7 ኪሎ የሚያጥበው ባለ ፊት በር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሊትር ሲበቃው፣ ከላይ የሚከፈተው በአብዛኛው ከ100 ሊትር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ከላይ የሚከፈተውን ሮቶ ላይ ብቻ ለሚተማመን ቤት አልመክረውም።

በቦታ አጠቃቀም ረገድ ባለ ፊት በሩ ይበልጣል። አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 85 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በላዩ ላይ ጠረጴዛ ተሠርቶ ልብስ ይታጠፍበታል፤ ከዚያም በላይ ካቢኔት ይሰቀላል። በምትኩ በሩ ተከፍቶ ሰው ጎንበስ የሚልበት 1 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ከፊቱ ይፈልጋል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ከሽንት ቤት መቀመጫው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከላይ የሚከፈተው ከፊቱ ብዙ ቦታ ባይጠይቅም፣ ክዳኑ ሲነሳ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ40 ስለሚጠጋ ከራሱ በላይ ያለው ግድግዳ ለመደርደሪያ እምብዛም አያገለግልም። ባለ ሁለት ገንዳው ወደ ጎን ይረዝማል፤ ፍሳሹም አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ዝቅ ሲደረግ በራሱ የሚወርድ ስለሆነ ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ከሌለ ጭራሽ አይታሰብም።

መብራትን በተመለከተ፣ ባለ ፊት በሩ ውሃ ስለሚያሞቅ እስከ 2000 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ይህም ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ከተገናኘ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብሬከሩን ያስወርዳል። የራሱ መስመርና ኤርዝ ያለው ሶኬት ይዘጋጅለት። ልብስ እየታጠበ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩ እንደተቆለፈ፣ ውሃው እንደታቆረ ይቆያል። በአንጻሩ ሲጨምቅ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1400 ጊዜ የሚሽከረከር በመሆኑ፣ ክረምት ላይ በረንዳ የተሰጣ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፤ ጋቢ ለሚያጥብ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ባለ ሁለት ገንዳው መጭመቂያ ጠባብ ስለሆነ ውሃ የጠጣ ጋቢ ወደ አንድ ወገን ያጋድልበታል፤ ልብሱን ከገንዳ ወደ ገንዳ የማዛወሩ ሥራም በእጅ ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ፓምፕ ማስገጠም የሚችል ባለቤት ባለ ፊት በሩን ይግዛ። ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣበት ወይም ነገ ቤት ሊለቅ የሚችል ተከራይ ባለ ሁለት ገንዳውን ቢመርጥ አያፍርም። ከላይ የሚከፈተውን የምመርጠው ውሃ ለማይቸግረው፣ ጎንበስ ማለት ግን ለሚያስቸግረው ሰው ነው፤ እናቴ ወገቧን ስለሚያማት የገዛነው ይህንኑ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ወለሉ ወደ መውረጃው በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ፣ የውሃው መዝጊያም ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ጎን እንዲሆን ለሠራተኛው ይነገር። ወለሉ ስለሚያዘቀዝቅ የማሽኑ እግሮች በውሃ ልክ ይስተካከሉ። በባለ ፊት በሩ ጀርባ የሚገኙት የማጓጓዣ ብሎኖችም ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈቱ፤ ሳይፈቱ ሥራ የጀመረ ማሽን በመጀመሪያው ጭመቃ ከቦታው ተንቀሳቅሶ አዲሱን ሴራሚክ ሊሰነጥቅ ይችላል።