ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ በዱባይ ወይስ በፍራንክፈርት?

እማዬን ለማስመጣት ቲኬት ስፈልግ ሁለቱንም ቁጭ ብዬ አስተያየሁ። በዱባይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ምስራቅ 2,500 ኪሎሜትር ገደማ ትሄዳለች፣ 4 ሰአት አካባቢ፣ ከዛ ዞራ ደግሞ ከ11,000 ኪሎሜትር በላይ፣ 14 ሰአት ምናምን ሳትወርድ። ፍራንክፈርት ግን መንገድ ላይ ነው፣ 7 ሰአት ገደማ በርራ ትወርድና እግሯን አፍታታ ሌላ 9 ሰአት፣ ድምሩ 12,000 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ቀጥታው ራሱ 11,500 ገደማ ነው እኮ! እማዬ ብዙ ከተቀመጠች እግሯ ያብጣል፣ ባለፈው ጫማው አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የወጣችው፣ ስለዚህ 14 ሰአቱን አልሞክረውም። ወጣት ከሆናችሁና ዋጋው ከቀነሰ ዱባይም ይሆናል። ብቻ ለትልቅ ሰው ትራንዚቱ አጭር እንዳይሆን፣ ዊልቸርም ቲኬት ስትቆርጡ አስመዝግቡ።