ባሕር ዳር ስታዲየም፦ ከሜዳነት ያለፈ መሰብሰቢያ

ስለ አንድ ስታዲየም አስተያየት ስጽፍ ከወንበሩና ከሣሩ ይልቅ ሕዝቡን እንዴት እንዳገናኘ ማስቀደም ተገቢ መስሎ ይታየኛል። ከጎጃም ወረዳዎች በሚኒባስ ተጭኖ የሚመጣው ገበሬ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪና የከተማው ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ስለ አንድ ኳስ የሚጨነቁበት ሌላ ቦታ በአካባቢያችን አላውቅም።

ባሕር ዳር ከተማ፣ ደጋፊዎቹ «የጣና ሞገድ» የሚሉት ክለብ፣ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ካደገ ወዲህ ስታዲየሙ የዘወትር ቀጠሮ ሆነ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ (የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን) አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትተው ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመመለስ ተስፋቸውን ሲያለመልሙ፣ ደስታውን ያስተናገደው ይኸው ሜዳ ነበር። (የማዳጋስካሩ ድል ዛሬም ያስደስተኛል።) በ2013 ዓ.ም. ክረምት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ከ23 ዓመት በታች ውድድርም እዚሁ ተካሂዷል።

በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳው መስፈርት አያሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎችን መከልከሉ ግን እጅግ አሳዝኖኛል፤ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በባዕድ አገር ሲያደርግ፣ ከሁሉም በላይ የተጎዳው አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች የነበረው ደጋፊ ነው።