የኮምቦልቻዋ መሐንዲስ ጠበቃ፦ የፈጠራ ማመልከቻ አገልግሎታቸው ሲገመገም

ጤፍ ወደ 1 ሚሊሜትር የምትጠጋ ፍሬ ናት፤ የመውቂያው ማራገቢያ ትንሽ ከበረታ ከገለባው ጋር ትበናለች። አንድ ባለሙያ አየሩን የሚመጥን መዝጊያ ከወንፊቱ ሥር ገጠመ እንበል። ለፈጠራው የባለቤትነት መብት በሚያስገባው ማመልከቻ ላይ «በሁለት ብሎን የታሰረ ባለ 3 ሚሊሜትር ላሜራ» ብሎ ከጻፈ፣ ጎረቤቱ ያንኑ በብየዳ ይይዘውና ከመብቱ ወሰን ይወጣል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ከሜካኒካል ምህንድስና ወደ ሕግ የተሻገሩት ጠበቃ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ወርክሾፕ ድረስ መጥተው ክዳኑን ያስከፍታሉ፤ ከበሮው፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጊያው ላይ እየጠቆሙ «ይሄ ባይኖር ፈጠራህ ይሠራል?» እያሉ ይጠይቃሉ። የሚሠራ ከሆነ ያ ክፍል ከዋናው የጥበቃ አንቀጽ፣ ማለትም የመብቱን ወሰን ከሚያሰምረው ዐረፍተ ነገር፣ ይወጣል። ብሎኑና ውፍረቱ ወደ ተከታዮቹ አንቀጾች ይወርዳሉ፤ ዋናው ላይ «የአየሩን መጠን የሚጨምርና የሚቀንስ መዝጊያ» ይቀራል። ይህ ሥራቸው ብቻውን ለክፍያቸው ይበቃል።

ሥዕሉንም እንደገና ያሠራሉ። የወርክሾፕ ንድፍ ልኬት ይበዛበታል፤ ለማመልከቻ ግን ጥርት ያለ መስመርና የክፍል ቁጥር ይበቃል። ከበሮው በመጀመሪያው ሥዕል 12 ከተባለ፣ በአራተኛውም በጽሑፉም 12 ነው። ቁጥሩ ከተዘበራረቀ መርማሪው መልሶ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይባክናል።

ምክራቸው ቅን ነው። በፈጠራ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመርለታል። የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል፤ ፓተንት የሚጠይቀውን የፈጠራ ብቃት፣ ማለትም ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ መሆንን፣ አይጠይቅም። ለእንዲህ ያለው መዝጊያ ሁለተኛውን ይመክራሉ፣ ለእሳቸው የሚያስገኘው ያነሰ ቢሆንም። ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አንድ ነገር ቢፈጥሩ መብቱ ቀድሞ ላመለከተው ስለሆነ፣ ማሽኑ ባዛር ላይ ከመውጣቱ በፊት ማመልከቻው አዲስ አበባ ለሚገኘው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንዲገባም አጥብቀው ይናገራሉ።

ጉድለትም አለባቸው። የምስጢር መጠበቂያ ውል ካልጠየቋቸው አያቀርቡም፤ ክዳኑ ሳይከፈት አስፈርሟቸው። ዋጋውን በጥቅል ነው የሚናገሩት። የእሳቸው ድካም ስንት፣ ለባለሥልጣኑ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ፣ መብቱን ለማቆየት በየዓመቱ የሚከፈለውንም ጨምሮ፣ ለይተው በጽሑፍ እንዲሰጡ አድርጉ።

ኤሌክትሮኒክስ ላለበት ሥራ ብቻቸውን አልመክራቸውም። መዝጊያው በሰንሰር የሚታዘዝ ከሆነ፣ አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ለብቻው ፓተንት ስለማይሰጠው፣ ሰንሰሩ ከሞተሩና ከመዝጊያው ጋር የሚሠራበት መንገድ በዝርዝር መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ጽሑፋቸው ይሳሳል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብሮ መሥራት አይከብዳቸውም።