ወኔ ይሻላል ወይስ ሰዓትና ቦታ መቁረጥ?

ባሕር ዳር ውስጥ ጠዋት ጣና ዳር መሮጥ የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ «ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እሮጣለሁ» ብሎ ወኔውን መተማመን ነው። ሌላው አስቀድሞ መቁረጥ ነው፦ «ጠዋት 12 ሰዓት ፊቴን እንደታጠብኩ ጫማዬን አስሬ ወደ ሐይቁ እወጣለሁ»።

ወኔ ለመጀመር ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን ከስሜት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲጥል ሲያድር ወይም አምሽተህ ስትተኛ፣ ጠዋት አልጋ ውስጥ ሆነህ ከራስህ ጋር ክርክር ትገጥማለህ፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያሸንፋል። ሁለተኛው መንገድ ክርክሩን ማታውኑ ይጨርሰዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ይህንኑ ነው፤ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርግ የወሰነ ሰው ዓላማ ብቻ ከያዘው ይልቅ ይፈጽማል።

በእርግጥ ነገሩ ልማድ እስኪሆን ጊዜ ይፈጃል። «ለልማድ 21 ቀን ይበቃል» የሚባለውን ተወው። ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልማድ እስኪዋሃድ 66 ቀን ገደማ ወስዷል፤ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ሥራውን አያፈርሰውም፣ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ በተለይ አንድን ልማድ ለማቆም ለሚታገል ሰው። ጫት መተው የፈለገ ወዳጄ ሆይ፣ «ሁለተኛ አልቅምም» ከምትል ከምሳ በኋላ የት፣ ከማን ጋር እንደምትሆን ዛሬውኑ ወስን።