ምስጋና ለደብረ ማርቆሷ ፋርማሲስት

ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ፋርማሲስት ይህን ምስጋና ያለ ስም የምጽፈው፣ ስሟን እንዳላነሣ አጥብቃ ስለለመነችኝ ነው።

የ5 ዓመት ልጃችን ሥጋ ወይም እንቁላል በበላች ቁጥር ታስመልስ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ትፈዝ ነበር። አዲስ አበባ የመረመሯት ሐኪም ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ የዩሪያ ዑደት መታወክ መሆኑን ነገሩን። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ማዳበሪያ ከልጅ ሆድ ምን አገናኘው?» አሉ፤ እውነትም እኛ ዩሪያን የምናውቀው በማሳችን ነው። ፋርማሲስቷ ግን አባቴን ወንበር ስባ አስቀምጣ፣ ጉበት ከፕሮቲን የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንደሚያስወግድ፣ የልጃችን ጉበት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንዱ ኢንዛይም ስለሚያንሰው አሞኒያው ተጠራቅሞ አንጎልን እንደሚጎዳ፣ የታዘዘላት ሶዲየም ፌኒልቡታይሬት የተባለው መድኃኒት ደግሞ አሞኒያ የሚሆነውን ትርፍ ናይትሮጅን በሌላ መንገድ በሽንት ይዞ እንደሚወጣ አስረዳቻቸው። የጾም ነው ብለን እንደ ልብ የምንሰጣት ሽሮም የባቄላና የአተር ፕሮቲን ስላለበት በልክ መሆን እንዳለበት የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ይህን የዱቄት መድኃኒት እህቴ ከውጭ አገር ስለምትልክልን ባለሙያዋ ከእኛ የምታገኘው ትርፍ የለም። እንዲያም ሆኖ በቤት ማንኪያ እየሰፈርን እንደምንሰጥ ስትሰማ ደነገጠች፤ አንዱ ማንኪያ ሲሞላ ሌላው እንደሚጎድል በሚዛን መዝና አሳየችን፤ ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ምግብ ሰዓት መጠን በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ትሰጠናለች። ልጅቷ ከ15 ወደ 17 ኪሎ ስትደርስም፣ መጠኑ በክብደት የሚሰላ ነውና ሐኪሙን እንድንጠይቅ ያሳሰበችን እርሷ ናት። የዱቄቱን መራራነት በተፈጨ ዱባ መሸፈን ግን የባለቤቴ ብልሃት ነው።

ባለፈው ክረምት ልጃችን ስለተንቀጠቀጠች አንድ ሌላ ቦታ ወስደናት ቫልፕሮዬት የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዘዘላት። ማዘዣውን ለፋርማሲስቷ ሳሳያት፣ ይህ መድኃኒት እንዲህ ባለ ሕመም አሞኒያን ሊያንር እንደሚችል ነግራኝ አልሸጥም አለች። መሽቶ ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተቆጣኋት። እርሷ ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ለአዲስ አበባው ሐኪም ደውላ አገናኘችኝ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን አስቀይረው፣ ሳይነጋ ሆስፒታል እንድንገባ አዘዙን።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያላችሁ፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ፣ የሐኪሙን ወረቀትና ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጉንፋኑን ሽሮፕ ሳይቀር፣ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአት። በገበያ ቀን ሰው ስለሚበዛባት ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።